ከደሴ ወደ ካማኩራ፦ ቡድሃውን ከማየታችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሂዱ

ሰኞ ገበያ ሰፈር የጎረቤታችን ልጅ ጃፓን አገር ዮኮሃማ ማስተርስ አግኝቶ ቤት ያገኘው ግን ካማኩራ ነው። እኔ እዛ ከተማ ሦስት ዓመት ኖሬ ስለመጣሁ እናቱ ቡና አፍልታ ጠራችኝና "በይ እስቲ ለልጁ መንገዱን አሳዪው" አለችኝ፣ ከአቦል እስከ በረካ አወራሁለት፣ ልጁ ግን ሲሸኘኝ በር ላይ ቆሞ "እታለም ግማሹ ጠፋኝ እኮ፣ ጻፊልኝ" አለኝ። በዛ ላይ ኮምቦልቻ ያሉ ሁለት ልጆችም በቴሌግራም ይሄንኑ ጠይቀውኛል፣ ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ሁላችሁም አንብቡት።

ከሁሉም በፊት እንድትይዙልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። እዛ አገር የመንግሥት አገልግሎት ሁሉ የሚጀምረው ከአድራሻ ምዝገባ ነው። ሳትመዘገቡ የጤና መድን የለም፣ ባንክና የስልክ ኮንትራትም አስቸጋሪ ነው፣ የጎርፍና የማዕበል ማስጠንቀቂያ ወረቀት እንኳን ቤታችሁ አይደርስም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት የፎቶ ሳምንት አይደለም። የካማኩራ ትልቁ የቡድሃ ሐውልት ስንት መቶ ዓመት እዛው ነው የተቀመጠው፣ አንድ ሳምንት ቢጠብቃችሁ ምንም አይሆንም።

ከተማዋን በአጭሩ ልንገራችሁ። ካማኩራ ከቶኪዮ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት፣ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል። በሦስት በኩል ተራራ በአንድ በኩል ባሕር ስለሆነች ጦሳ ሥር ላደገ ሰው ተራራው ባዳ አይሆንበትም። ከ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 1333 ድረስ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የጦር አበጋዞች መንግሥት መቀመጫ ስለነበረች የቡድሃ ቤተ መቅደስ በየጥጉ ነው፣ ኬንቾጂ በ1253፣ ኤንጋኩጂ በ1282 የተመሠረቱ ናቸው፣ እስካሁንም መነኮሳት አሉባቸው። ትልቁ የነሐስ ቡድሃ ኮቶኩኢን የሚባል ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ ነው፣ መሠራት የጀመረው በ1252 ነው ይባላል፣ ቁመቱ ከነመቀመጫው 13 ሜትር ያልፋል፣ ክብደቱ 121 ቶን ገደማ። ቤተሰብ ጋር ስትደውሉ ግን "ቡድሃ" ስትሉ "ሃ" የምትለዋን አጥብቃችሁ ጥሩ፣ እናቴ በስልክ "ቡዳ ያለበት ከተማ ገባሁ" ያልኳት መስሏት ደንግጣ ጎረቤት ሰብስባ ዱዓ አስደርጋልኝ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። ከደሴ ሳትነሱ ስማችሁ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ስፔሊንግ ይኑረው። እኛ ወሎ ውስጥ መሐመድ የሚለው ስም ብቻ ስንት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል፣ ፓስፖርቱ ላይ በሁለት ኤም፣ ዲግሪው ላይ በአንድ ኤም፣ ፋይዳው ላይ ደግሞ ኦው ዩ ሆኖ። እዚህ "ያው ነው" ተብሎ ይታለፋል፣ እዛ ግን ሁለት የተለያየ ሰው ነው። ፓስፖርቱን መሠረት አድርጋችሁ ልደት ሰርተፊኬቱንም ትራንስክሪፕቱንም አስተካክሉ፣ የልደት ቀናችሁም በእኛና በፈረንጅ አቆጣጠር ሲገለበጥ ተዛብቶ እንዳይሆን ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩት። ይሄ እዚህ ሆናችሁ ጥቂት ቀን የሚያለፋ ነገር ነው፣ እዛ ከሄዳችሁ በኋላ ግን ወንድም ወይ እህት ቢሮ ለቢሮ እየተመላለሰ በፖስታ የሚላክ ጣጣ ይሆናል።

ናሪታ ወይ ሃኔዳ ኤርፖርት ስትደርሱ ኢሚግሬሽኑ ላይ "ዛይሪዩ ካርድ" የሚባል የነዋሪነት ካርድ ይሰጧችኋል፣ ያን ጊዜ ጀርባው ባዶ ነው። ቤት ከገባችሁ ቀን ጀምሮ 14 ቀን አላችሁ፣ በነዚህ ቀናት ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ አድራሻችሁን ታስመዘግባላችሁ፣ ካርዱ ጀርባ ላይ ይጻፍላችኋል። ይሄን ዝም ብሎ መተው ቅጣት አለው፣ ያለበቂ ምክንያት 90 ቀን ካለፈ ደግሞ ቪዛውን እስከማሰረዝ ሊደርስ ይችላል። የካማኩራ ማዘጋጃ ቤት ከካማኩራ ባቡር ጣቢያ በምዕራቡ በር ወጥታችሁ በእግር አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። በምሥራቁ በር ከወጣችሁ ቱሪስቱና ሱቁ መሀል ነው የምትገቡት፣ እኔ መጀመሪያ ቀን እንደዛ ሆኜ ብዙ ዞሬያለሁ። በሥራ ቀን በጠዋት ሂዱ፣ ፓስፖርትና ዛይሪዩ ካርድ ያዙ፣ የቤት ኪራይ ውላችሁንም ያዙ አድራሻውን ከሱ ላይ ትገለብጡታላችሁ። እዛ አድራሻ "ከቧንቧ ውሃ ወረድ ብሎ በስተቀኝ" የሚባል ነገር የለውም፣ መንገዱ ራሱ አብዛኛው ስም የለውም፣ የሰፈሩ ስም ከዛ የብሎክ ቁጥር ከዛ የቤት ቁጥር ነው፣ አንዲት ቁጥር ከተሳሳተ ደብዳቤያችሁ ሌላ ሰው ደጅ ነው።

ስትገቡ የወረፋ ቁጥር ከማሽን ትቆርጣላችሁ፣ የምትጠይቁት "ቴንዩ ቶዶኬ" ነው፣ የገቢ ነዋሪ ማስታወቂያ ማለት ነው። ከውጭ አገር ለመጣ ሰው መሸኛ የሚባል አይጠይቁም ፓስፖርቱ ላይ ያለው ይበቃል፣ ነገር ግን በኋላ ከካማኩራ ወደ ሌላ ከተማ ከቀየራችሁ ልክ እንደ ቀበሌያችን መሸኛ መያዝ አለባችሁ፣ እዛ ከለቀቃችሁበት ማዘጋጃ ቤት ነው የሚወጣው። ፎርሙ ላይ ዓመት ሲጽፉ ብዙ ጊዜ በራሳቸው አቆጣጠር ነው፣ ሬይዋ ይሉታል፣ ከፈረንጁ ዓመት 2018 ቀንሱለት፣ 2026 ከሆነ ሬይዋ 8 ነው። እኛ የራሳችን ዘመን አቆጣጠር ያለን ሰዎች ስለሆንን ይሄ አይከብደንም፣ ፈረንጆቹ ሲጨነቁበት እያየሁ እኔ ቶሎ ነው የለመድኩት።

የሚከብደው የስም ጉዳይ ነው፣ እሱን ትንሽ ላስረዝመው። ፎርሙ ላይ "ፉሪጋና" የሚል ሳጥን አለ፣ ስማችሁ እንዴት እንደሚነበብ በእነሱ ፊደል የሚጻፍበት ነው። የእነሱ ፊደል እንደ እኛ ፊደል ከነአናባቢው ነው፣ ያ ደስ ይላል፣ ግን ሳድስ የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል፣ "ለ" እና "ረ"ንም አይለይም። ስለዚህ ለምለም የምትባል ልጅ "ሬሙሬሙ" ትሆናለች፣ ሰይድ "ሴይዶ" ይሆናል፣ ተስፋዬ "ቴሱፋዬ"። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ስሜን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝና በእርሳስ ጽፋ አዞረችልኝ፣ ጣቷን በእያንዳንዱ ፊደል ሥር እያስኬደች ቀስ ብላ አነበበችልኝ፣ እኔ ደክሞኝ ስለነበር እሺ ብዬ ፈረምኩ። ባንክ ስሄድ ደግሞ እዛ ያለው ሰውዬ በራሱ ጆሮ እንደሰማው ጻፈው፣ አንዲት ፊደል ብቻ ነው የተለየችው፣ በሷ ምክንያት የስኮላርሺፑ ብር ተመልሶ አንድ ወር ሙሉ በብድር ነው የኖርኩት። እናንተ እንዲህ አድርጉ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ስማችሁን በካታካና፣ የውጭ ስም በሚጻፍበት በእነሱ ፊደል፣ ጽፋችሁ ጨርሱ፣ ጃፓንኛ የሚያውቅ ሰው ያንብበው፣ ከዛ በትንሽ ካርቶን ላይ ጻፉና ቦርሳ ውስጥ አድርጉ፣ ማዘጋጃ ቤትም ባንክም ትምህርት ቤትም ያችኑ ካርቶን አውጥታችሁ አሳዩ። የአባት ስምም እንደዛው፣ እነሱ የቤተሰብ ስም ነው ብለው ይወስዱታል፣ እናንተም አትከራከሩ፣ ፓስፖርቱ ላይ ባለው ቅደም ተከተል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጻፉ በቃ።

ምዝገባው ሲያልቅ "ጁሚንሂዮ" የሚባለውን የነዋሪነት ማረጋገጫ አንድ ሁለት ኮፒ ገዝታችሁ ውጡ፣ ይጠቅማችኋል። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ "ማይ ናምበር" የሚባል 12 አሃዝ ቁጥር በፖስታ ይመጣል፣ የእነሱ ፋይዳ በሉት። ፖስታ ሳጥናችሁ ላይ ስማችሁን ለጥፉ እባካችሁ፣ ስም ካላየ ፖስተኛው ደብዳቤውን ይዞ ሊመለስ ይችላል።

እዛው ሕንፃ ውስጥ ሳትወጡ የጤና መድኑን ጨርሱ፣ "ኮኩሚን ኬንኮ ሆከን" በሉ። ከሦስት ወር በላይ የምትቆዩ ተማሪዎች ከሆናችሁ ግዴታ ነው። ከዛ በኋላ ሐኪም ቤት ስትሄዱ 30 ፐርሰንቱን ነው የምትከፍሉት፣ 10,000 የን ቢሆን 3,000 ማለት ነው። የዓመቱ መዋጮ የሚሰላው ባለፈው ዓመት ጃፓን ውስጥ ባገኛችሁት ገቢ ነው፣ አዲስ ገቢ ስለሆናችሁ ዝቅተኛው ይደርሳችኋል፣ ገቢ የለኝም ብላችሁ የምትሞሉት ወረቀት ከመጣ ግን ባዶ ነው ብላችሁ አትጣሉት፣ ዜሮ ብላችሁ ሞልታችሁ መልሱ። ድሮ ካርድ ይሰጡ ነበር፣ ከዲሴምበር 2024 ወዲህ አዲስ የመድን ካርድ ማውጣት ቀርቷል፣ ወይ በማይ ናምበር ካርዱ ወይ በምትኩ በሚሰጥ ማረጋገጫ ወረቀት ነው የሚሠራው። ጡረታ መዋጮም አለ፣ ከ20 እስከ 59 ዓመት ያለ ነዋሪ ሁሉ፣ የውጭ ዜጋም ቢሆን፣ ይመለከተዋል፣ ተማሪዎች ግን እንዲዘገይላቸው ማመልከት ይችላሉ፣ "ጋኩሴይ ኖፉ ቶኩሬይ" ብላችሁ ጠይቁ፣ ካልጠየቃችሁ የክፍያ ወረቀቱ ዝም ብሎ ይመጣል።

ሐኪም ቤት ላይ የእኛ ልማድ እዛ አይሠራም። እኛ ትንሽ ሲያመን ቀጥታ ሪፈራል ነው የምንሄደው፣ እዛ ሰፈር ያለችው ትንሽ ክሊኒክ ነው መጀመሪያ። ያለ ሪፈር ወረቀት ትልቁ ሆስፒታል ከሄዳችሁ ከሕክምናው ሌላ ቢያንስ 7,000 የን ተጨማሪ ያስከፍላሉ። አምቡላንስ 119 ነው፣ ራሱ መኪናው ገንዘብ አይጠየቅበትም፣ እሳት አደጋም በዚሁ ቁጥር ስለሆነ መጀመሪያ የትኛው ነው ብለው ይጠይቋችኋል፣ "ኪዩኪዩ" በሉና አድራሻችሁን ንገሩ። ፖሊስ 110 ነው። አድራሻችሁን በጃፓንኛ ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉት፣ ሰው ሲታመም እንኳን የሰው አገር ቋንቋ የራስም ይጠፋል።

አሁን ስለ ባሕሩ። እኛ ደሴዎች ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የተወለድነው፣ ባሕር ለእኛ ፎቶ ነው። ካማኩራ ስትገቡ የመብራት ምሰሶ ላይ "ከባሕር ወለል በላይ ይሄን ያህል ሜትር" የሚል ሰሌዳ ታያላችሁ፣ እኔ ዛይሞኩዛ የሚባለው ሰፈር መጀመሪያ ቤት ስከራይ ከደጄ ያለው ምሰሶ ነጠላ አሃዝ ነበር የሚለው፣ አንድ አሃዝ ያላየሁ መስሎኝ ጠጋ ብዬ ደግሜ አየሁት። ቡድሃውን አስቡት፣ አሁን ሜዳ ላይ ፀሐይና ዝናብ የሚወርድበት እንዲህ ሆኖ ታስቦ አይደለም፣ ድሮ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነበር፣ አዳራሹን አውሎ ነፋስ ደጋግሞ አፈረሰው፣ በመጨረሻም በ1498 የመጣ ማዕበል ጠርጎ ወሰደው ተብሎ ይነገራል፣ ከዛ ወዲህ ማንም አልሠራለትም። ከባሕሩ ደግሞ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ያለ ቦታ ነው። በ1923 ሴፕቴምበር 1 ቀን በተነሳው ታላቁ የካንቶ መንቀጥቀጥ ከተማዋ ፈረሰች ባሕሩም ወጣ፣ የቡድሃው መቀመጫም ተጎዳ። በ1960 እና 61 ሲጠግኑት አንገቱን አጠናክረው ከመቀመጫው ጋር ሳያጣብቁ ነው የተዉት፣ ምድር ሲንቀጠቀጥ ዝም ብሎ እንዲንሸራተት ነው እንጂ እንዳይሰበር። እኛም ምድር መንቀጥቀጥን ጭራሽ የማናውቅ አይደለንም፣ በ1953 ዓ.ም. (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ካራቆሬና ማጀቴ ላይ የሆነውን ከአያቶቻችን ሰምተናል። የማናውቀው ከመንቀጥቀጡ ኋላ የሚመጣውን ውሃ ነው።

ስለዚህ ቤት በገባችሁ በመጀመሪያው ቅዳሜ ይሄን አድርጉ። ማዘጋጃ ቤት የሚሰጠውን የአደጋ ካርታ ያዙ፣ ውሃ ሊደርስበት የሚችለው ቦታ በቀለም ተቀብቷል፣ ቤታችሁን ፈልጉበት። ከዛ ቅርቡን ከፍ ያለ ቦታ አይታችሁ ከደጃችሁ ተነስታችሁ በእግር ሂዱ፣ ሰዓት ይዛችሁ። የእኔ ከኮምዮጂ ቤተ መቅደስ ጀርባ ያለው ኮረብታ ነበር፣ መጀመሪያ ቀን 14 ደቂቃ ፈጀብኝ፣ በአንዲት ጠባብ መንገድ ቆርጬ ስለምደው 9 ሆነ። በቀን ብቻ አይደለም በማታም አንዴ ሂዱት፣ መብራት የሌለበት ደረጃ ሊኖር ይችላል። እናም ጠንካራ ወይም ረጅም መንቀጥቀጥ ከተሰማችሁ ድምፅ ማጉያው እስኪናገር አትጠብቁ፣ ላፕቶፕ ብላችሁ አትመለሱ፣ ባሕሩን ልይ ብላችሁ ጭራሽ አትሂዱ፣ ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ሊደርስ ይችላል። ሮጣችሁ ውጡ፣ ማስጠንቀቂያው ተነስቷል እስኪባልም አትውረዱ፣ ሁለተኛው ማዕበል ከመጀመሪያው ሊበልጥ ይችላል።

ድምፅ ማጉያ ያልኩት በየሰፈሩ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው የማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ በጃፓንኛ ነው የሚያወራው፣ መጀመሪያ ላይ ምንም አይገባችሁም። "ሱናሚ" የምትለዋን ግን ማንም ይሰማታል። ከሱ የበለጠ የጠቀመኝ የሰፈሩ ማኅበር ነው፣ "ጂቺካይ" ወይ "ቾናይካይ" ይሉታል፣ እድር በሉት። መዋጮ አላት፣ የአደጋ ልምምድ አላት፣ የጽዳት ቀን አላት። ማስታወቂያው "ካይራምባን" በሚባል ክላሰር ላይ ተደርጎ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፣ አንብባችሁ ትፈርሙና ለሚቀጥለው ቤት በእጃችሁ ታደርሳላችሁ። ጎረቤቴ ያሉ አሮጊት መጀመሪያ ሲያመጡልኝ ምን እንደሆነ ሳላውቅ በሁለት እጄ ተቀበልኩና ሁለት ቀን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፣ እሳቸው ተመልሰው መጥተው በምልክት አስረዱኝ፣ ከዛ ወዲያ በዛች ክላሰር ምክንያት ነው ከሰፈሩ ሰው ሁሉ የተዋወቅኩት። ጥሩምባ የሚነፋ የእድር ሰው ባለበት አገር ያደገ ሰው እዚህ ማኅበር መግባት አይከብደውም፣ ግቡ።

ቆሻሻ ላይ ካማኩራ ጥብቅ ናት። የሚቃጠለውና የማይቃጠለው ማዘጋጃ ቤቱ በወሰነው በሚገዛ ከረጢት ብቻ ነው፣ ከየሱቁና ኮንቢኒ ከሚባሉት ትንንሽ የሰፈር ሱቆች ታገኙታላችሁ። ፕላስቲክ ማሸጊያ ለብቻ፣ የውሃ ጠርሙስ ለብቻ፣ ጣሳና ብርጭቆ ለብቻ፣ ወረቀት ለብቻ፣ የተከረከመ ቅርንጫፍና ቅጠል እንኳን ለብቻ ነው፣ ሁሉም የየራሱ ቀን አለው፣ ቀኑም እንደ ሰፈሩ ይለያያል። ካላንደሩን ስትመዘገቡ ጠይቃችሁ ውሰዱ፣ በእንግሊዝኛ አለ ወይ በሉ። ከተሳሳታችሁ ከረጢቱ ላይ ማስታወሻ ይለጥፉበትና ትተውት ይሄዳሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል። በማታ አታውጡ፣ ቁራ ይበትነዋል፣ በጠዋት አውጥታችሁ መረቡን በደንብ ሸፍኑበት። ባሕሩ ዳር ስትበሉ ደግሞ ከጭልፊት ተጠንቀቁ፣ ከኋላ መጥታ ሳንድዊቹን ከእጃችሁ ነው የምትነጥቀው፣ ሰሌዳም ተሰቅሏል።

ይሄን ሁሉ ስትጨርሱ ቡድሃውን እዩ። ከካማኩራ ጣቢያ ኤኖደን የምትባለዋን ትንሽዬ ባቡር ያዙ፣ መንገዱ ሙሉ 10 ኪሎ ሜትር ነው በቤቶች መሀል ተጠጋግታ የምትሄድ፣ ሦስተኛው ጣቢያ ሃሴ ነው፣ ከዛ በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። በበዓልና በእሁድ ባቡሯ ትጨናነቃለች፣ የሥራ ቀን ጠዋት ይሻላል። ጫማ አውልቁ የሚል ቦታ ላይ አውልቁ፣ ፎቶ ክልክል የሚል ካለ ስልኩን ኪስ ክተቱ፣ ሌላ የሚጠየቅ የለም፣ ስገዱ የሚላችሁ የለም። ሸዋበር መስጊድም መድኃኔዓለምም ደጅ አክብሮ ማለፍ የለመደ የደሴ ልጅ እዛም ያውቅበታል። ጾም ላላችሁ ደግሞ የመነኮሳቱ ምግብ፣ "ሾጂን ሪዮሪ"፣ ሥጋም ዓሣም እንቁላልም ወተትም የለውም፣ "ኬንቺንጂሩ" የሚባለው የአትክልት ሾርባ ከኬንቾጂ ቤተ መቅደስ የመጣ ነው ይላሉ፣ በብርድ ቀን በጣም ደስ ይላል። ሐላል የምትጠብቁ ግን በወጡ ውስጥ "ሳኬ" ወይም "ሚሪን" ገብቶበት እንደሆነ ጠይቁ፣ ሁለቱም አልኮል አላቸው።

ጨርሳችሁ ስትመለሱም ሥራ አለ። ከመሄዳችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ መልቀቂያ አሳውቁ፣ የመድኑን ሒሳብ ዝጉ፣ ዛይሪዩ ካርዱን ኤርፖርት ላይ ታስረክባላችሁ። ጡረታ ስድስት ወርና ከዛ በላይ የከፈላችሁ ካላችሁ ከአገር ከወጣችሁ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ካመለከታችሁ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ተመላሽ አለ፣ ፎርሙን ሳትወጡ ያዙት ከደሴ ሆኖ መፈለግ አድካሚ ነው። የተረፏችሁን የቆሻሻ ከረጢቶች ደግሞ አትጣሉ፣ ገንዘብ ናቸው፣ ለሚቀጥለው ቤት ስጡ። እኔ ለእኒያ አሮጊት ጎረቤቴ ነው የሰጠኋቸው፣ እሳቸው ደግሞ ካይራምባኑን አምጥተው ለመጨረሻ ጊዜ አስፈረሙኝ።